ጠርዙ ሳይሻክር፣ ፍሬሙም ሳይወርድ፦ አንቲ አሊያሲንግን የማመጣጠን መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች ጌም የሚከፈትባቸው ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት አይዘሉም። አንዱ ለትምህርት ወይም ለቢሮ ተገዝቶ ማታ ማታ ጌም የሚጫወቱበት፣ ኢንቴል ኤችዲ 520 ወይም 620 የተባለ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው ጂቲኤክስ 1050 ወይም 1650 ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ የጌም ቤት ዴስክቶፕ ነው። ሦስቱም ላይ ጣጣው አንድ ነው። የአጥሩ፣ የመብራት ሽቦውና የጎሉ መረብ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ይህን የሚያለሰልሰው የጌም ሴቲንግ፣ አንቲ አሊያሲንግ፣ ሲከፈት ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ዓይን ያስቸግራል።

ሥራው «ስንት ኤክስ (2፣ 4 ወይስ 8) ልክፈት?» ከሚለው ጥያቄ አይጀምርም። አንቲ አሊያሲንግ ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ፣ በተረፈችው ሚሊሰከንድ መጨረሻ ላይ የሚገባ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ጥላና ሣር የበሉበትን ጊዜ ከጠርዙ ላይ ሊያስመልስ ሲታገል ይውላል።

ደረጃ 1፦ ማሽኑን ለልኬት ማዘጋጀት

ቻርጀር ሳይሰካ የተወሰደ ልኬት ዋጋ የለውም። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ የፕሮሰሰሩንም የግራፊክስ ካርዱንም ኃይል ስለሚቀንስ፣ ቻርጀር ላይ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይሰጥ የነበረ ጌም በባትሪ ግማሹን ቢሰጥ አይግረማችሁ። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ከመጣም የያዛችሁትን ቁጥር ጣሉትና እንደገና ጀምሩ።

ቀጥሎ የዊንዶውሱን ፓወር ሞድ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉ። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብላችሁ ግቡና ጌሙን መርጣችሁ «ሃይ ፐርፎርማንስ» በሉት። ይህን ሳያደርጉ ጂቲኤክሱ ተኝቶ ጌሙን ኢንቴሉ ብቻውን ሲጎትተው የሚከርም ላፕቶፕ ብዙ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመዱ የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሆኑን ከኋላ በኩል ዞራችሁ እዩ።

ኢንቴል ኤችዲ ላላቸው ላፕቶፖች ከየትኛውም ሴቲንግ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ራም ነው። እነዚህ ግራፊክሶች የራሳቸው ሜሞሪ ስለሌላቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንዱን ራም ይሻማሉ። ዲዲአር4 2400 የሆነ አንድ ራም ብቻ ሲኖር በሰከንድ የሚያልፈው ዳታ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ነው፤ ሁለት ሲሆኑ 38.4 ይደርሳል። ለንጽጽር የጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 112፣ የጂዲዲአር5ቱ ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ 128 ጊጋባይት ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለው ጋ ስትገቡ «ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2» የሚል ካያችሁ አንድ ቀዳዳ ባዶ ነው ማለት ነው። ከነበረው ጋር እኩል መጠንና ፍጥነት ያለው ራም መጨመር ጠርዝ ለማለስለስ የሚሆን ትርፍ ጊዜ ያመጣል። ያ ሳይሆን ኤምኤስኤኤ የሚባለውን ከባድ ማለስለሻ (ዓይነቶቹ ደረጃ 4 ላይ አሉ) ለመክፈት መሞከር ልፋት ብቻ ነው።

ሙቀት በዚህ አካባቢ ለብቻው የሚነሳ ርዕስ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ይህን የሚክሰው ብርዱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሰሞን ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ላፕቶፑ ይተነፍሳል። ያንኑ ላፕቶፕ ይዛችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ክፍሉ 32 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የክፍሉ ሙቀት ልዩነት አብዛኛው በቀጥታ ቺፑ ላይ ይደመራል። ደብረ ብርሃን ላይ 80 ዲግሪ የነበረ ፕሮሰሰር እዚያ 95 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ የተስተካከለ ሴቲንግ ቆላ ሲወርድ ቢከዳ ጌሙ ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ፤ በሚቀጥሉት ደረጃዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ አስቀሩለት።

አልጋ ላይ ባና ወይም ብርድ ልብስ ደልድሎ ላፕቶፑን እላዩ ማስቀመጥ ደግሞ የሞቀው አየር እንዳይወጣ ብቻ ሳይሆን ቀዝቃዛው ከሥር እንዳይገባም ይዘጋል። የሱፉ ብናኝም ማራገቢያው ውስጥ ይጠራቀማል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና ከኋላ በኩል በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ ሁለት የጠርሙስ ክዳን ይበቃል።

ደረጃ 2፦ በፍሬም ብዛት ሳይሆን በሚሊሰከንድ መለካት

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ጫኑ፤ ቁጥሩን ጌሙ ላይ የሚያሳየው ሪቫ ቱነር አብሮት ይመጣል። የካርዱ ስም ምንም ይሁን፣ ኤንቪዲያም ኤኤምዲም ኢንቴልም ላይ ይሠራል። ሴቲንግስ ውስጥ «ሞኒተሪንግ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና የጂፒዩ (የግራፊክሱ) አጠቃቀም፣ የጂፒዩ ሙቀት፣ የሜሞሪ አጠቃቀም፣ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) አጠቃቀም፣ ፍሬምሬት፣ ፍሬምታይም እና «1 ፐርሰንት ሎው» የሚሉትን ምረጡ። እያንዳንዱን ስትመርጡ «ሾው ኢን ኦን ስክሪን ዲስፕሌይ» የሚለውን ካላበራችሁ ጌሙ ላይ አይታይም። «ቤንችማርክ» በሚለው ገጽ ደግሞ መቅጃ መጀመሪያና ማቆሚያ ቁልፍ ስጡት።

በምትለኩበት ሰዓት ቪሲንክም (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስረው) ሆነ ማንኛውም የፍሬም ገደብ ይጥፋ። ጌሙን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጫውታችሁ ማሽኑ ከጋለ በኋላ ብቻ ጀምሩ፤ ቀዝቃዛ ላፕቶፕ የሚያሳየው ቁጥር ለማታው ጨዋታ አይሆንም። ከጌሙ ውስጥ ከባዱን ቦታ ምረጡ። ዛፍ፣ አጥርና መኪና የበዛበት መንገድ፣ ወይም ከጀርባው ተመልካች የሞላበት የማዕዘን ምት ጥሩ ነው። ያንኑ 60 ሰከንድ በዚያው መንገድ ደጋግሙ። የመጀመሪያው ዙር ጌሙ ገና ፋይል እየጫነ ስለሆነ አይቆጠርም፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዙር ቅዱና መካከለኛውን ያዙ።

የምትይዙት ቁጥር ሁለት ነው፦ አማካዩና ዝቅተኛው 1 በመቶ፣ ማለትም በጣም የዘገዩት ፍሬሞች ፍጥነት። ዓይን የሚጎረብጠው ሁለተኛው ነው። አማካዩ 60 ሆኖ ዝቅተኛው 1 በመቶ 24 ከሆነ ጌሙ ይንቀጠቀጣል፤ አማካዩ 48 ሆኖ ዝቅተኛው 41 የሆነው ግን ሲጫወቱት ይሻላል።

አሁን ፍሬሙን ወደ ጊዜ ቀይሩ፤ 1000ን በፍሬሙ ብዛት ማካፈል ነው። 60 ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ፣ 45 ፍሬም 22.2፣ 30 ፍሬም 33.3 ይሆናል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ከ120 ወደ 100 የወረደ ጌም የከሰረው 1.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ከ40 ወደ 30 የወረደው ግን 8.3። የመጀመሪያው 20 ፍሬም፣ ሁለተኛው 10 ፍሬም ስለጣለ መጀመሪያው የከፋ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

እንበልና ጌማችሁ አንቲ አሊያሲንግ ሳይበራ 62 ፍሬም፣ ማለትም 16.1 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። ኤፍኤክስኤኤ የሚባለው ቀላሉ ማለስለሻ ሲበራ 60 ሆነ፤ ዋጋው ግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኤምኤስኤኤ 4 ኤክስ ሲበራ 41 ሆነ፤ ያ 24.4 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ዋጋው 8.3 ነው። የግማሽ ፍሬም ጊዜ ለጠርዝ ብቻ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ሠንጠረዥ ደብተር ላይ ለየጌሙ ያዙ፤ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከእሱ ይነበባል።

ደረጃ 3፦ ማነቆው የትኛው ነው?

የጂፒዩ አጠቃቀም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ማነቆው ግራፊክሱ ነው፤ አንቲ አሊያሲንግ ስትጨምሩ ፍሬም ይወርዳል። 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ከተንጠለጠለ ፕሮሰሰሩ ነው የያዘው። ጥርጣሬ ካላችሁ ሪሶሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዳችሁ እዩ። ፍሬሙ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። በዚህ ጊዜ ጠርዝ ማለስለስ እምብዛም ስለማያስከፍል ሳትሳሱ ክፈቱት። አንቲ አሊያሲንግ ዘግቶ ጥራቱን አበላሽቶ አንድም ፍሬም ያላተረፈ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሳያጣራ ነው።

ኢንቴል ኤችዲ ላይ ግን ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል። 15 ዋቱን ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ ይካፈሉታል፤ ፕሮሰሰሩ ብዙ ከወሰደ ግራፊክሱ ይራባል። እዚህ ላይ የፍሬም ገደብ ማድረግ ራሱ ግራፊክሱን ሊያፈጥነው ይችላል።

ደረጃ 4፦ የማለስለሻውን ዓይነት ከጌሙ ጋር ማጋባት

ኤስኤስኤኤ ምስሉን በትልቅ መጠን ሠርቶ መልሶ የሚያሳንስ ነው። 4 ኤክስ ሲሆን 1920 በ1080 የነበረው 3840 በ2160 ይሆናል፤ ከ2 ሚሊዮን ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል። ጥራቱን የሚያህል የለም፣ ዋጋው ግን አራት እጥፍ ይጠጋል። ቦታው አሮጌና ቀላል ጌም ነው። ጂቲኤክስ 1650 ላይ ፔስ 2013ን የመሰለ ጌም ስትከፍቱ ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ ከኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ዲኤስአር የሚለውን 2.25 ኤክስ ወይም 4 ኤክስ መርጣችሁ ሪሶሉሽኑን ጌሙ ውስጥ ከፍ አድርጉ። 4 ኤክስ ላይ «ስሙዝነስ» የሚለውን ዜሮ አድርጉት፣ አለዚያ ያለ ምክንያት ያደበዝዛል። የላፕቶፑ ስክሪን በኢንቴሉ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ዲኤስአር የሚለው ምርጫ ጭራሽ አይታይም፤ ያ የድራይቨር ብልሽት አይደለም።

ኤምኤስኤኤ በነገር ጠርዝ ላይ ብቻ በየፒክስሉ 2፣ 4 ወይም 8 ናሙና ይወስዳል። ምስሉ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ጽሑፍም አይደበዝዝም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ ቅጠልን፣ የሽቦ አጥርንና ፀጉርን ብዙ ጊዜ አይነካም፤ እነሱ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተቀዳደደ ምስል የተሠሩ ስለሆኑ እውነተኛ ጠርዛቸው ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛው ሜሞሪ ነው። ብርሃንን በኋላ የሚያሰሉ አዳዲስ ጌሞች ለእያንዳንዱ ፒክስል ብዙ መረጃ ይይዛሉ። በፒክስል 20 ባይት ብንል በ1080 ላይ ወደ 41 ሜጋባይት ነው፤ 4 ኤክስ ሲሆን 166፣ 8 ኤክስ ሲሆን 332 ይደርሳል። ያን ሁሉ በየፍሬሙ ማንበብና መጻፍ አለ። 2 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 1050 እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ከ2 ኤክስ ወደ 4 ኤክስ ያለው የጥራት ልዩነት በግልጽ ይታያል፤ ከ4 ወደ 8 ያለውን ግን በ15.6 ኢንች ስክሪን ላይ ለማየት መፈለግ ያሻል። 8 ኤክስን እርሱት።

ኤፍኤክስኤኤ ከኤንቪዲያ የመጣ ነው። የተጠናቀቀውን ምስል አይቶ ደማቅና ጨለማ የሚገናኙበትን ያለሰልሳል። እጅግ ርካሽ ነው፤ ቅጠልና አጥርንም ይነካል፤ ነገር ግን የልብስ ሽመናን፣ የሣር ዝርዝርንና የሩቅ ጽሑፍን አብሮ ያደበዝዛል። ከጌሙ ሜኑ ካለ ከዚያ ክፈቱት። ከኤንቪዲያ ፓነል በግድ ካበራችሁት የውጤት ሰሌዳውንና የካርታውን ፊደል ሁሉ ያበላሻል።

ኤስኤምኤኤ ከኤፍኤክስኤኤ ትንሽ ይወደዳል እንጂ ጠርዙን በቅርጹ ስለሚለይ ምስሉን ብዙም አያደበዝዝም። ሁለቱም ካሉ ኤስኤምኤኤን ምረጡ፤ በደካማ ማሽን ላይ ከዚህ የተሻለ ስምምነት የለም። ካውንተር ስትራይክ 2 ውስጥ ያለው ሲኤምኤኤ2ም የዚህ ወገን ነው።

ቲኤኤ ያለፉትን ፍሬሞች ከአሁኑ ጋር ያዋህዳል። በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚብለጨለጭን ቅጠልና የሚያብረቀርቅ ብረት የሚያስታግስ እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋጋውም መጠነኛ ነው። ግን ፍሬም ሲያንስና ሪሶሉሽን ሲያንስ ይከፋል። ስምንት ፍሬም ያስታውሳል ብንል በ60 ፍሬም 133 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ30 ፍሬም 267 ይሆናል። ከሚሮጠው ተጫዋች ኋላ የሚጎተተው ጥላ መሰል ዱካ ከዚህ ይመጣል። 1366 በ768 ላይ ደግሞ ለማዋሃድ የሚበቃ ዝርዝር ስለሌለ ፊት ሁሉ የተቀባ ይመስላል።

ኤፍኤስአር 2፣ ዲኤልኤስኤስና ኤክስኢኤስኤስ ምስሉን በትንሽ መጠን ሠርተው የሚያሳድጉ፣ ጠርዙንም በዚያው የሚያለሰልሱ ናቸው። ዲኤልኤስኤስ አርቲኤክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ጂቲኤክስ ላላችሁ ኤፍኤስአር ነው። 1080 ላይ «ኳሊቲ» ሲባል ጌሙ በ1280 በ720 ይሠራል፤ «ፐርፎርማንስ» ሲባል በ960 በ540። በ1366 በ768 ስክሪን ላይ ግን ኳሊቲው ራሱ ወደ 911 በ512 ይወርዳል፤ ያ ለማንም አይመከርም። ማሳደጉም የራሱን ጊዜ ይበላልና ደካማ ካርድ ላይ ትርፉን ለኩ እንጂ አትገምቱ። አንድ ጥንቃቄ፦ በ2021 የወጣው የመጀመሪያው ኤፍኤስአር ጠርዝ አያለሰልስም፣ ቀድሞ የለሰለሰ ምስል ይፈልጋል። እሱን ከፍታችሁ ቲኤኤን ከዘጋችሁ የሚያድገው የመጋዙ ጥርስ ነው።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉ

ሀ. ሪሶሉሽኑን የስክሪኑ የራሱ መጠን ላይ አድርጉ። ባለ 1080 ስክሪን ላይ 1366 በ768 ማጫወት እያንዳንዱን ፒክስል በማይገጥም መጠን ስለሚለጥጥ የትኛውም ማለስለሻ አያስተካክለውም። ማሽኑ ካልቻለ «ሬንደር ስኬል» ወይም «ሪሶሉሽን ስኬል» የሚለውን ወደ 80 ወይም 90 በመቶ አውርዱ፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይቀራል።

ለ. አንቲ አሊያሲንግ ዝጉ፤ ቴክስቸርን (በነገሮቹ ላይ የሚለጠፈውን ምስል) ካርዱ የሚችለው ላይ አድርጉ። 2 ጊጋ ካርድ መካከለኛ፣ 4 ጊጋ ካርድ ከፍተኛ መሞከር ይችላል። ቴክስቸር የካርዱን ሜሞሪ እስካልሞላ ድረስ ፍሬም እምብዛም አይወስድም።

ሐ. አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግን ለብቻው ካርድ 8 ወይም 16 ኤክስ፣ ለኢንቴል 4 ኤክስ አድርጉ። መንገድና የሜዳ መስመር ርቆ ሲደበዝዝ ብዙ ሰው አንቲ አሊያሲንግ ጎደለ ይላል፤ ጥፋቱ የዚህ ነው።

መ. ከዚያ ጥላን፣ አምቢየንት ኦክሉዥንን (በማዕዘንና በስንጥቅ የሚታየውን ቀጭን ጥላ)፣ ነጸብራቅንና ሣርን አንድ በአንድ አውርዱ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ለኩ። ጊዜ በብዛት የሚገኘው ከእነዚህ ነው። ጥላን ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ ማውረድ ብቻውን ለኤስኤምኤኤ ከሚያስፈልገው በላይ ሊያስገኝ ይችላል።

ሠ. ሞሽን ብለርን፣ ፊልም ግሬይንንና ክሮማቲክ አበሬሽንን ዝጉ። ጠርዝ ለማጥራት እየከፈላችሁ ጠርዝ የሚያበላሽ አብሮ መክፈት ትርጉም የለውም።

ረ. አሁን የዝቅተኛው 1 በመቶ ጊዜ ከዓላማችሁ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚያንስ አስሉ። ዓላማው 60 ፍሬም ቢሆንና ዝቅተኛው 1 በመቶ 14.5 ሚሊሰከንድ ላይ ቢሆን 2.2 ተርፏል። ከ0.5 እስከ 1 ካለ ኤፍኤክስኤኤ ወይም ኤስኤምኤኤ፣ ወደ 2 ከሆነ ቲኤኤ፣ ከ4 በላይ ከሆነ ኤምኤስኤኤ 2 ኤክስ ሞክሩ። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ የእናንተን ካርድ ትክክለኛ ዋጋ የሚነግራችሁ በደረጃ 2 የጻፋችሁት ሠንጠረዥ ነው።

ሰ. ቲኤኤ ወይም ኤፍኤስአር ከመረጣችሁ ሻርፕኒንግን (የደበዘዘውን መልሶ የሚያጠራውን) ከ20 እስከ 40 በመቶ ላይ አድርጉ። በጥቁር ነገር ዙሪያ ነጭ መስመር ብቅ ካለ አልፋችሁታል፤ ወደ ኋላ መልሱት።

ደረጃ 6፦ ለየማሽኑ መነሻ

ኢንቴል ኤችዲ 520 ወይም 620፣ 1366 በ768፦ ኤምኤስኤኤ በፍጹም አይከፈት። ኤስኤምኤኤ ካለ እሱ፣ ከሌለ ኤፍኤክስኤኤ። ዓላማው ቋሚ 30 ይሁን።

ጂቲኤክስ 1050 ባለ 2 ጊጋ፣ 1080፦ ኤስኤምኤኤ ወይም ቲኤኤ ከመካከለኛ ሻርፕኒንግ ጋር። ከባድ ጌም ላይ ኤፍኤስአር 2 ኳሊቲ።

ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጊጋ፦ በውድድር ጌም፣ ለምሳሌ ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ፣ ኤምኤስኤኤ 2 ኤክስ ወይም 4 ኤክስ ይቻላል፤ ርቆ የቆመን ጠላት ከግድግዳ ጠርዝ ለመለየትም ይረዳል። በ2015 ለፒሲ የወጣው ጂቲኤ 5 ላይ ደግሞ ኤፍኤክስኤኤን አብሩና ኤምኤስኤኤን 2 ኤክስ ላይ ሞክሩ፤ «ሪፍሌክሽን ኤምኤስኤኤ» የሚባለውን ለብቻው ዝጉት፣ ብዙ ይበላል ትንሽ ይታያል። ሣሩን «ኖርማል» ወይም «ሃይ» ላይ ተዉት። ኤምኤስኤኤ ተከፍቶ ሣር ወደ ላይ ሲወጣ ከከተማው ውጪ ገጠሩ ውስጥ ፍሬሙ ይዘቅጣል፤ ከተማ መሃል ለክቶ የረካ ሰው ይህን የሚያውቀው ተራራ ሲወጣ ነው። ሜኑው ላይ ያለችውን የቪዲዮ ሜሞሪ መስመርም ተከታተሉ፣ ከልኳ አትለፉ።

ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2ን በመሳሰሉ ጌሞች ቲኤኤን መዝጋት አያዋጣም። ፀጉርና ዛፍ የተሠሩት ቲኤኤ እንደሚያዋህዳቸው ታስቦ ስለሆነ ሲዘጋ ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ። መክፈትና ሻርፕኒንግ መጨመር ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ፍሬሙን መገደብ

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሪቫ ቱነር ላይ «ፍሬምሬት ሊሚት» አስገቡ። 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ እኩል የሚከፋፈለው 60 ወይም 30 ነው፤ 45 ብትሉት አንዱ ፍሬም አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ እየታየ ይወላከፋል። 144 ኸርዝ ከሆነ 72 ወይም 48፣ 120 ከሆነ 60 ወይም 40። ፍሪሲንክ ወይም ጂሲንክ ያለው (ፍጥነቱን ከጌሙ ፍሬም ጋር የሚያስማማ) ሞኒተር ከሆነ ግን ገደቡን ከሞኒተሩ ከፍተኛ ኸርዝ በ3 ያህል አሳንሱና ሌላውን ለሞኒተሩ ተዉት። ገደቡ ማሽኑንም ያቀዘቅዛል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ላለ ሰው ይህ ደረጃ የግድ ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ጌሙ በየጥቂት ሰከንዱ ቆም ብሎ ከቀጠለ፣ አማካዩ ግን ጥሩ ከሆነ፣ የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ዳታው ከዋናው ራም እየተጎተተ ነው። ኤምኤስኤኤን አንድ ደረጃ ወይም ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ አውርዱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታውርዱ፣ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

መጀመሪያ 60 ሆኖ ከ20 ደቂቃ በኋላ 45 የሚሆን ጌም የሙቀት ነው። አንቲ አሊያሲንግ አትንኩ፤ የማራገቢያውን መውጫ በብሩሽ አጽዱ። ላፕቶፑ ዓመታት የቆየ ከሆነ ተርማል ፔስቱን አስቀይሩ።

ከድራይቨሩ ኤምኤስኤኤ በግድ አብርታችሁ ምንም ለውጥ ካልመጣ አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ በአሮጌው የግራፊክስ ሥርዓት፣ በዳይሬክት ኤክስ 9፣ ስላልተሠራ ነው። አዳዲሶቹ ይህን ትእዛዝ ዝም ብለው ያልፉታል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ጌም ሪሼድ በሚባለው ፕሮግራም ኤስኤምኤኤ መጨመር ይቻላል፤ ለብቻ ለሚጫወቱት ጌም ብቻ። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በሚጫወቱት ላይ ፀረ ማጭበርበሪያው ሊያግዳችሁ ይችላል።

ሴቲንግ ቀይራችሁ ጂቲኤ 5 አልከፈትም ካለ ዶክመንትስ ውስጥ በሮክስታር ጌምስ ፎልደር ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» የሚል ፋይል አጥፉ፤ ጌሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል። ጨዋታው የደረሰበትን አያጠፋም።

የጌም ቤት ቴሌቪዥን ላይ ጠርዙ ምንም ቢደረግ ከሻከረ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ተዉና የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሱ። «ሻርፕነስ» ከፍ ብሎ ከሆነ ያለሰለሳችሁትን ጠርዝ ቴሌቪዥኑ መልሶ ያሾለዋል። ወደ ታች እያወረዳችሁ በጽሑፍ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ የሚጠፋበት ላይ ቁሙ፤ በአንዳንዱ ዜሮ፣ በአንዳንዱ መሃል ላይ ነው። የምስሉ ዳር የተቆረጠ ከሆነ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን እውነተኛ መጠን አጣሩ። ብዙ ባለ 32 ኢንች ርካሽ ቴሌቪዥን 1080 ሲግናል ይቀበላል እንጂ ፓነሉ 1366 በ768 ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት እጥፍ ፒክስል ሠርቶ ይልካል፣ ቴሌቪዥኑ ግማሹን ይጥለዋል። የዊንዶውሱንም የጌሙንም ሪሶሉሽን 1360 በ768፣ ያ ከሌለ 1280 በ720 አድርጉና እንደገና ለኩ። በ1080 ለኤፍኤክስኤኤ እንኳ የማይበቃ የነበረ ካርድ በዚህ መጠን ኤምኤስኤኤ 2 ኤክስ ሊሸከም ይችላል።